ሰማያዊው ባልዲ

ባልዲው ቦታው ላይ የለም።

ልድያ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆማ ባዶውን መሬት አየችው። ጠዋት የእናቷን አንሶላና የሌሊት ልብስ ዘፍዝፋ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ድንጋይ ጭናበት ነበር የሄደችው። ድንጋዩ አለ፤ ክዳኑም አለ። ሰማያዊው ባልዲ ብቻ የለም።

«እማዬ፣ ባልዲው የታለ?»

 ከአንገቷ ቀዶ ጥገና ወዲህ የእናቷ የፍቅርተ ድምፅ ከሹክሹክታ አያልፍም። ስለዚህ ኩባያ በማንኪያ ትመታለች፤ አንድ ጊዜ ከሆነ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ነይ ማለት ነው። አሁን ሁለት ጊዜ መታች።

ልድያ በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች። ወለሉ ላይ በስፌት ጠመኔ የተሰመረ መስመር አለ። መስመሩን ያሰመረችው ራሷ ናት፤ ከእናቷ ፍራሽ ጀምራ በእናቷ የልብስ ሜትር ሁለት ሜትር ለክታ።

ፍቅርተ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎት ቤቱ እንደ ምድጃ ሆኗል። ሰፈሩ ሁሉ ግቢው ውስጥ አጎበር ሰቅሎ በሚተኛበት ወቅት እሷ እዚህ ውስጥ ብቻዋን ነው የምታድረው። ጉንጮቿ ከጆሮዋ ሥር አብጠዋል። የምትቀምሰው ሁሉ ብረት ብረት ስለሚላት ከትናንት ጀምሮ ከሎሚ በቀር አፏ አልገባም።

«አጁሉ ወሰደችው። ላጥብልሽ ብላ ባሮ ወረደች» አለች።

«ዝም አልሻት?»

«ጠራኋት፤ አልሰማችኝም። ኩባያውን ብመታ ውሃ የፈለግሁ መስሏት ጆጉን ሞልታ በር ላይ አስቀመጠችልኝ። ልወጣ ብዬ ተነሣሁ። ብወጣ ደግሞ ታቅፈኛለች፤ ታውቂያት የለ።»

ጎረቤታቸው አጁሉ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

እናቷ አንገት ላይ ለዓመታት «እንቅርት ነው» ሲባል የኖረው እብጠት አዲስ አበባ ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቆርጠው አወጡት። የቀረውን እንዲያጠፋ ደግሞ አንድ እንክብል አስዋጧት፤ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ይባላል። እንክብሉ ሰውነት ውስጥ ሆኖ ጨረር ይሰጣል። ጨረሩ ቀን በቀን ይቀንሳል፤ እስኪቀንስ ግን መድኃኒቱ በላብ፣ በምራቅ፣ በሽንት እየወጣ ይቆያል። ከሆስፒታል ስትወጣ አንድ ወረቀት ሰጧት። ለብቻ መተኛት፣ ለብቻ መብላት፣ ልብስን ለብቻ ማጠብ። ለአሥራ አራት ቀን ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች እንዳይቀርቧት። ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው።

ወረቀቱን ከልድያና ከአባቷ በቀር ያየው ሰው የለም። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላታለች እናቷ። «ጨረር አለባት ከተባለ እኔ የሰፋሁትን ማን ይለብሳል?» በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ መዘምራኑ ለፋሲካ እንድትሰፋላቸው የሰጧት ሐምራዊ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። አባቷ ኦቻላ ኢታንግ ከተማ ባለ የእርዳታ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ለሰው ልንገር ወይ ብላ ደውላ ስትጠይቀው፣ «እናትሽ ያለችሽን አድርጊ» አላት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እነሱ ቤት ግን የተደበቀው መድኃኒቱ ነው።

አጁሉ ስትጠይቅ ልድያ «ወባ ነው» አለቻት። ጋምቤላ ውስጥ ደግሞ ወባን ማን ይፈራል? አጁሉ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። ፍቅርተ አዲስ አበባ በቆየችበት አንድ ወር ልድያንና የሁለት ዓመት ወንድሟን ፊልሞናን ያበላችው፣ ያጠበችው እሷ ነበረች። ፊልሞና አሁንም እሷ ጋ ነው። የታመመች ጎረቤቷን ልብስ የማታጥብ ሴት በዚህ ሰፈር ጎረቤት አትባልም፤ ወባ የያዘው ሰው ደግሞ ያልበዋል፣ አንሶላው ይታጠባል። አጁሉን ወደ ባልዲው የጠራት የልድያ ውሸት ነው። ልድያ ይህን ያወቀችው ቦርሳዋን ጥላ ወደ ወንዙ እየሮጠች ነበር።

ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል። አጁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ ሆዷን በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ፣ አንሶላውን ድንጋይ ላይ ታሻለች። ፊልሞና ከኋላዋ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። የእናቱን ቢጫ ሻርፕ፣ ፍቅርተ የአንገቷን ጠባሳ የምትሸፍንበትን፣ ከራሱ እስከ እግሩ ተከናንቦ አውራ ጣቱን ይጠባል።

«ምን ሆንሽ? ፍቅርተ ደህና?» አለች አጁሉ ቀና ብላ።

«ደህና ናት። አክስቴ፣ አንሶላውን ተዪው።»

«ጨረስኩ እኮ። አንድ ብቻ ቀረ።» ከዚያ ፊልሞናን በአገጯ አሳየቻት። «ይሄ ልጅ እማ፣ እማ ብሎ አለቀሰ። በር ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ሻርፕ ሰጠሁት፣ ዝም አለ። የእናቱ ሽታ አለው።»

ሻርፑ አልታጠበም። ልድያ ጎንበስ ብላ ጫፉን ያዘች። ፊልሞና በሁለት እጁ ጨበጠው። ሳበችው፤ ሳበው። በመጨረሻ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ወሰደችበትና ባልዲው ውስጥ ከተተችው። ልጁ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ጮኸ። ታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዞረው አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ለምን ታስለቅሺዋለሽ? አሁን ዝም ብሎ ነበር።»

በልድያ ምላስ ላይ ሁለት ውሸት ተዘጋጅቷል። ቅማል አለበት ልትል ትችላለች። ታይፎይድም አለባት ልትል ትችላለች። አጁሉ ግን ካጎነበሰችበት ስትነሣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው እርጥብ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ልድያ እጇን አየች።

«ወባ አይደለም» አለች።

ሁሉንም ነገረቻት፤ እንክብሉን፣ ላቡን፣ አሥራ አራቱን ቀን። አጁሉ ሳታቋርጣት ሰማች። አንሶላው ከእጇ አምልጦ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ልድያ ገብታ ያዘችው።

«ጨረሩ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«እጄ ላይ አሁን ስንት አለ?»

«አላውቅም።»

«ልጄ ጋ ይደርሳል?»

«አላውቅም፣ አክስቴ።»

ልድያ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታዋለች። ከታች ያለውን የሆስፒታሉን ቁጥር ደወለች። በሦስተኛው ሙከራ አንዲት ነርስ አነሣች። «በልብስ የሚተላለፈው በጣም ትንሽ ነው፣ አትደንግጡ። እጃቸውን በሳሙና ደህና አድርገው ይታጠቡ። ከዛሬ በኋላ ግን አይንኩ። እኔ ለሐኪሙ ልንገርና...» መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል ኔትወርክ የለም።

«በጣም ትንሽ አለች» አለች ልድያ።

«ትንሽ ለማን? ለእኔ ነው ወይስ ለዚህ?» አጁሉ ወደ ሆዷ አላመለከተችም፤ አያስፈልግም ነበር።

  አጁሉ ሳሙናውን አንሥታ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ደገመች፤ ሦስተኛም ታጠበች። ከዚያ የሚያለቅሰውን ፊልሞናን ልታነሣ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ልጁ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ቀስ ብላ ልብሱን አውልቃ፣ ከራሱ እስከ እግሩ በሳሙና አጥባ ነው ያቀፈችው።

«አንድ ወር ልጆቿን እንደ ልጄ ያዝኩ» አለች። አልጮኸችም። «ለእኔም ወባ ነው ይባላል?»

ፊልሞናን ይዛ ዳገቱን ወጣች። አልዞረችም።

ልድያ ባልዲውን ተሸክማ ስትመለስ እናቷ በሩ ላይ ዓይኗን ተክላ አገኘቻት።

«ነገርኳት» አለች ከመስመሩ ማዶ።

ፍቅርተ ባልዲውን አየች። «ፊሊን ወሰደችው?»

«ወሰደችው።»

«አቅፋ?»

«አጥባ አቀፈችው።»

የፍቅርተ እንባ ባበጡት ጉንጮቿ ላይ ወረደ። ልድያ ሄዳ ልትጠርግላት ፈለገች፤ እግሯም አንድ እርምጃ ተነሣ። እንባም እንደ ላብ ይሆን? ወረቀቱ ስለ እንባ የሚለው የለም። እግሯን መለሰችና እናቷ ስታለቅስ ቆማ አየች።

«አሥር ሰዓት ላይ የጸሎት እናቶች ይመጣሉ» አለች ፍቅርተ በመጨረሻ። «ተኝታለች በያቸው። አደራ፣ ልድዬ። አንዷ አወቀች፤ ይብቃ።»

ልድያ እናቶቹን ታውቃቸዋለች። ለተኛ ሰው እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ እንጂ አይመለሱም። ከመካከላቸው ቤርሳቤ የአራት ወር ልጇን አዝላ ነው የምትመጣው።

«እሺ» አላለችም። ወረቀቱን ከመደርደሪያው አውርዳ ወጣች፤ በርጩማ ይዛም የግቢው በር ሥር ተቀመጠች።

አሥር ሰዓት ሲሆን መዝሙሩ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየቀረበ። ልድያ ተነሣች። ያኔ ከጀርባዋ ኩባያው ተመታ። አንድ አይደለም፤ ሁለትም አይደለም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻለችም።

ወደ ኋላ አላየችም። ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችው፤ ጀርባዋን አስደግፋም ለሚመጡት እናቶች ልታሳያቸው ወረቀቱን ዘረጋች። ኩባያው አሁንም ይመታል።