ከጎናቸው የቆመችው

ጥሩወርቅ ፎቶ ቤቱን ከፍታ ጠዋት ጠዋት የምትቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም መስታወት ቆሟል፤ ፊልሙን እዚያ ላይ ዘርግታ በሾለ እርሳስና በምላጭ ታርማለች፤ የፈንጣጣ ጠባሳ ታጠፋለች፣ የተጨፈነ ዓይን ትከፍታለች። ፊልም ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ጠይሙ ፊት ነጭ፣ ነጩ ነጠላ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ የስንቱን ሰው ፊት እንዳረመች እንጂ የማንን እንዳረመች አታውቅም።

ጦርነቱ ለድሬዳዋ ከቀረበ ወዲህ ሠርግና ክርስትና ቀረና የሚመጣው ፊልም ሁሉ የዘማች ሽኝት ሆነ። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የተሰለፉ ሚሊሺያዎች፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ተከታትለው የቆሙ የጭነት መኪናዎች፣ በየመኪናው ጎን እጅ የሚያወዛውዝ ሕዝብ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ዘለቀ እየዞረ ያነሳል፤ እሷ ታርማለች። ፎቶዎቹ አደባባይ ስለሚሰቀሉ እንባ እንዳይታይባቸው ተብሏል። አንድ ልጇ አስናቀ አሥራ ስምንት ሞልቶት ለወሩ መጨረሻ ተጠርቷል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ምላጯን ጥላ በር ላይ ትወጣለች።

"ተቀመጪ እንጂ፣ አንቺ ሴት። አንቺ ስለወጣሽ መኪናው አይመለስ" ይላታል ጋሽ ዘለቀ።

"እግሬ ነው እንጂ እኔ መች ወጣሁ፣ ጋሼ።"

አንዲትን ሴትዮ መጀመሪያ ያየቻት ፊልም ላይ፣ ከአንድ ቁመተ ሎጋ ዘማች ጎን ነው። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ቀን አዘቅዝቃ፣ እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እጅ በሚያወዛውዘው ሕዝብ መካከል ድርቅ ብላ ቆማለች። በቁም ላለ ሰው ነጠላ አዘቅዝቃ የምትመጣ ምን ዓይነት ሟርተኛ ናት ብላ አለፈቻት። በአሥራ አንደኛው ቀን የሎጋው እናት ጥቁር ለብሳ መጣችና የልጇ ፊት ብቻ ተቆርጦ ለለቅሶው እንዲተልቅላት ለመነች። ቀጥሎ ሴትዮዋ ከአንድ የልብስ ሰፊ ልጅ ጎን ታየች። የእሱም እናት መጣች።

ከዚያ ወዲያ ጥሩወርቅ ፊልም በመጣ ቁጥር የምትፈልገው ሴትዮዋን ሆነ። ሦስተኛው ልጅ ጎን ስታገኛት ምላጩን አነሳች። የተፋቀ ፊልም ሲታተም ጥላ እንደሚሆን ታውቃለች፤ ልጁን ሳትነካ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ ፋቀቻት። ከጓዳው የሚመጣው የፎቶ ማጠቢያው የኮምጣጤ ሽታ ጉሮሮዋን ቧጠጣት፤ ፊልሙም ከምላጩ ሥር ለብ ያለ መሰላት። የዚህ ልጅ እናት አልመጣችም። ሁለት ሌሎች ዘማቾች ጎንም አግኝታ ፋቀቻት፤ የእነሱም እናቶች አልመጡም። አዳንኳቸው አለች በልቧ፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

በዚያው ሰሞን፣ ልጇ የዘመተባትና ከማዶ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ዘርፌ ከቦታዋ ጠፋች። ምድጃው ላይ ዘይቱ እየተንጨረጨረ ማንም አጠገቡ የለም።

"ጋሼ፣ ዘርፌ ምን ሆነች?"

"የቷ ዘርፌ?" አለ ጋሽ ዘለቀ፣ ካሜራውን እየወለወለ። ጥሩወርቅ ሐሳቧ ሁሉ አስናቀ በሚሸኝበት ቅዳሜ ላይ ነበርና መልሳ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ከጣቢያው ፊት የአስናቀን እጅጌ ጨብጣ ቆመች፤ ነጠላዋን እንደ ወጉ ለብሳ፣ መንጋጋዋ እስኪዝል ፈገግ ብላ።

"እማዬ፣ እጅጌዬን ቀደድሽው እኮ" አላት እየሳቀ።

ሰኞ ፊልሙ መጣ። ልጇን በዘመመ ትከሻው ለየችው። ከጎኑ ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች፤ እጅጌውን ይዛለች። በዚያ ቦታ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ቦታዬን ወሰደችብኝ አለች ጥሩወርቅ፤ ምላጩንም አነሳች። ፊቷን እንዳታይ ከፊቷ ጀመረች። እጅጌው ላይ የቀሩትን አራት ጣቶች አንድ በአንድ ፋቀች።

በማግስቱ ጋሽ ዘለቀ ሰላም ሳይላት ገባ። ከፍቶት ይሆናል አለች። ሐሙስ ካሜራውን ከነማኅደሩ ወንበሯ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሻይ የሚያዞረው ሰውዬ ለእሱ ብቻ ቀድቶ ሄደ፤ ስትጠራውም አልዞረም። ግን ማንም እናት አልመጣችም፤ መኪና ሲያልፍም እግሯ አይነሳም ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ተኝታ አታውቅም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ገባ።

"አራት ልጆች አርፈው መርዶ የምንነግረው አጣን" አለ ኮፍያውን አውልቆ። "ሰፈር ጠየቅን፤ እናታቸውን የሚያውቅ የለም። ምናልባት በሽኝቱ ፎቶ ከጎናቸው የቆመ ሰው ካለ ብለን ነው።"

ሰውየው ስም ሲጠራለት ጋሽ ዘለቀ የሦስቱን ፎቶ አወጣ። ከሦስቱ ልጆች ጎን የሰው ቁመት ያለው ጥላ እንጂ ማንም የለም።

"አራተኛው ማነው?" አለ ጋሽ ዘለቀ።

"አስናቀ ይላል" አለ ሰውየው ወረቀቱን አይቶ።

ጋሽ ዘለቀ የመጨረሻውን ፎቶ አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበ፤ የልጁ እጅጌ ማንም ሳይዘው ተጨማዷል። "ወይ ልጄን፣ የሚያለቅስለት እንኳ የለውማ" አለና፣ ጥሩወርቅ አጠገቡ ቆማ ደረቷን እየደቃች በምትጮህበት ክፍል ውስጥ፣ ጸጥታው ቢከብደው ሬዲዮውን ከፈተ።