ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ

ክፍሉ በሙሉ ፀጥ ባለበት ሰዓት ፍንጭት ሳቋ አመለጣት።

ሰሌዳው ፊት ቆማ ስለ ታመመው ታናሽ ወንድሟ የጻፈችውን የምታነበው የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ድምጿ ሲሰበርና ወረቀቱ እጇ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፍንጭት ሆዷ ባባ። ከአፏ የወጣው ግን «ኪ ኪ ኪ» ሆነ። በሁለት እጇ ብታፍነውም እምቢ አላት። ከኋላ የተቀመጡት ሳቅ ሲያምራቸው የዋለ ይመስል ተቀበሏት፤ ክፍሉ አውካካ።

ፍንጭት ያሏት በፊት ጥርሶቿ መሃል ባለው ክፍተት ነው። ዛሬ ያ ክፍተት ጉድ ሠራት።

ጓደኛዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ተመለሰች። «ሌላው ይሳቅ፤ አንቺም?» አለቻትና ደብተሮቿን ሰብስባ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

የፍንጭት እናት ልብስ ሰፊ ናት። ፍንጭት ቤት ስትገባ ወሬ የለ፣ ሰላምታ የለ፣ መቀስ አንስታ የደንበኛ ሱሪ መተርተር ጀመረች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል።»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ጨርቁን ለምን... ኸረ ልጄ!»

መቀሱ ክሩን ስቶ ሱሪውን ቀዶታል። እናቷ ጭንቅላቷን ያዘች፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች።

«እማዬ፣ ያስቃል እንዴ?»

«ምኑ ያስቃል! ደንግጬ እኮ ነው። እኔ ስደነግጥ ጥርሴ ይቀድመኛል።»

ፍንጭት መቀሱን አስቀመጠች። የክፍሉን ጉድ አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ከኔ ወስደሽው ነዋ!» አለች እናቷ። «አክስትሽ ባሏ የሞተ ዕለት እንዲሁ ሳቅኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ቤቴን አትረግጥም።»

«ደንግጬ ነው አላልሻትም?»

«እህቴ አይደለች? ታውቀኛለች ብዬ ዝም አልኩ።»

እናቷ የተቀደደውን ሱሪ አገላብጣ አየችው። ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

የጓደኛዋ ቤት ቅርብ ነው፤ የፍንጭት እግር ግን አልሄድ አላት። በሩ ሲከፈት ጓደኛዋ ፊቷን አጥቁራ ቆመች። ፍንጭት መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። በምትኩ ያው የተረገመ ሳቅ መጣ።

«አሁንም?» ጓደኛዋ በሩን ልትዘጋው ገፋ አደረገችው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፍንጭት አፏን ይዛ ትሮጥ ነበር። አሁን እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ሳቄን ተይው» አለች፣ እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ። «ፈርቼ ነው። ክፍል ውስጥም ድምፅሽ ሲሰበር ሆዴ ባብቶ ነው። ካላመንሽኝ ዝጊው፤ ሳልነግርሽ ግን አልሄድም።»

በሩ ባለበት ቆመ። ጓደኛዋ የፍንጭትን ጥርስ ትታ ወደ ታች፣ ወደ እጇ አየች።

«እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

ፍንጭት እጇን ኪሷ ልትከተው ነበር። ተወችውና ዘረጋችላት።