በጸጥታው ሰዓት የሚንኳኳው ግድግዳ

ይህን ከራሴ ፈጥሬ አይደለም የምነግራችሁ። ምነው ፈጠራ በሆነና በሳቅኩበት...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ካዛኪስታን፣ አልማቲ ከተማ ውስጥ፣ ባረጀ ኮንዶሚኒየም፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ።

እኔና ባለቤቴ ካይሳር ቤታችንን እያደስን ነበር። የሕንፃው ኮሚቴ የፈቀደልን ወለሉንና ሴራሚኩን ብቻ ነው። በወጥ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ እናፍርስ ብለን ጠይቀን ተከልክለናል። ሕንፃውን የተሸከመ ግድግዳ ነው፣ አገሩም መሬት የሚንቀጠቀጥበት አገር ነው ተባልን። ካይሳር «እሺ» ብሎ ፈረመ።

ሌላም ደንብ አለ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሕፃናት ስለሚተኙ መዶሻ አይነሳም።

የዚያን ቀን ሠራተኛ አልነበረም። ብቻዬን ሻይ እየጠጣሁ ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦሪንጉል ናቸው። ከእኛ ሥር ነው የሚኖሩት። ሁላችንም «አፓ» ነው የምንላቸው፤ ታላቅ እህቴ እንደ ማለት።

«ጉልዚራ፣ ልጄ... ሰዓቱን አላየሽም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም እንደሌለ ማልኩላቸው። ምዬ ሳልጨርስ...

ድም። ድም። ድም።

ከኋላዬ። ከወጥ ቤት።

አፓ አዩኝ። ያ አስተያየት... ስሰርቅ ብያዝ ይሻለኝ ነበር።

እውነቴን ላሳያቸው ብዬ ለካይሳር ደወልኩ። እሳቸውም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፈትኩት። ቤት ውስጥ ሰው አስገብተህ ነበር ወይ አልኩት።

«እንዴ፣ ሠራተኛው ዛሬ ጀመረ?» አለ እየሳቀ። «እኔ እኮ ግድግዳውን ቅዳሜ፣ አሮጊቷ ገጠር ስትሄድ አፍርስ ነበር ያልኩት።»

ስልኩን ዘጋሁት... ግን ምን ዋጋ አለው።

ፊቴ ነደደ። ፈቃዳችን ላይ ማኅተም ያሳረፉልን እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ቤቱን የገዛን ዕለት ሰሃን ሙሉ ትኩስ ባውርሳክ ከሊጥ ጠብሰው ያመጡልንም እሳቸው ናቸው።

«አላውቅም ነበር፣ አፓ» አልኩ። ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰለኝ።

«አሮጊቷ ትግባ?» አሉ ቀስ ብለው።

አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳቸው። ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። ግድግዳው አልተነካም። መኝታ ቤቱንም ከፍቼ አሳየኋቸው... ማንም የለም።

ድም። ድም። ድም።

ዝምታ...

ድም። ድም። ድም።

አፓ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ቁጣው ከፊታቸው ላይ ሲረግፍ አየሁ።

«ይሄ መዶሻ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

በወጣትነታቸው ነርስ ሳሉ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዳፈረሰው ከተማ ተልከው እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው። ፍርስራሹ ላይ ተንበርክከው ያዳምጡ ነበር። ከሥር የተቀበሩት በድንጋይ እንዲህ ያንኳኳሉ አሉኝ... ያንኳኩና ዝም ይላሉ። የሰማቸው ሰው እንዳለ ለማወቅ።

አፓ በጣታቸው መልሰው አንኳኩ።

ከውስጥ ያለው ተጣደፈ። ድም ድም ድም ድም...

ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። ከሩቅ። አቧራ ያፈነው።

«አፓ... እዚህ ነኝ... ይቅር በሉኝ...»

ድምፁ የእኔ ነው።

እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አፌ ተዘግቷል። ግድግዳውን ካፈረስን አንድ ቀን ከፍርስራሹ ሥር የምጣራው እኔው እንደምሆን ያኔ ገባኝ።

ማታ ካይሳርን ይዤ ወደ አፓ ወረድኩ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እዚያው ፊታቸው ለሠራተኛው ደውሎ እንዳይመጣ ነገረው። ግድግዳው ዛሬም አለ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወጥ ቤት ቆሜ ጠበቅኩ። ምንም የለም። አፓ ከታች ደውለው ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልሰማሁም አልኳቸው። ሁለታችንም እፎይ አልን።

አየር ላግኝ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ።

ፊት ለፊታችን ሌላ ሕንፃ አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ከእሷ በላይ አንድ ሽማግሌ... እንደዚያው። ከእሱም በላይ...

እስከ ጣሪያው ድረስ፣ በየመስኮቱ፣ ሰዎች ጆሯቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው ቆመዋል።

ሴትየዋ ጣቷን አጠፈችና መልሳ አንኳኳች።