ድጎማው የዘለላት አትክልተኛ

ወገኖቼ፣ ከገበያ የምንገዛው ጎመን ከየት እንደሚመጣ የምንጠይቀው ሲጠፋ ብቻ ነው። አንዲት አትክልተኛ የደረሰባትን ልንገራችሁ።

ይህች ሴት ከከተማው ዳር ባለችው ትንሽ ማሳዋ ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም ታመርት ነበር። ውሃውን በሞተር እየሳበች፣ ክረምት ከበጋ ለገበያውና ለሆስፒታሉ ወጥ ቤት ታቀርባለች። የማዳበሪያና የነዳጅ ወጪዋን መንግሥት በገበሬዎች ማኅበር በኩል የሚሰጠው ድጎማ ያቃልልላት ነበር። በኋላ ግን ድጎማው ሰፊ መሬት ላላቸው በቆሎ አምራቾች ብቻ እንዲሆን ሐሳብ ቀርቦ ጸደቀ። ሐሳቡን አጥብቆ የደገፈው የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነበር።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ» አላት። «በቁራሽ መሬት አገር አይመገብም። የሚያዋጣው ትልቅ እርሻ ነው።»

«እነሱ በቆሎውን የሚያስረክቡት ለከብት መኖ ፋብሪካ ነው። የሰው ጎመንስ?»

«እሱማ ከሩቅም ቢሆን በመኪና ይመጣል። ምን ችግር አለው?»

«እስቲ ይሁንልህ» ብላ ወደ ማሳዋ ተመለሰች።

አንድ በጋ ተፍጨረጨረች። የነዳጁ ዋጋ አልቀመስ ሲላት ሞተሩ ቆመ፤ ቲማቲሙም አበባ እንደያዘ ደረቀ። ጎረቤቶቿም አንድ በአንድ እጅ ሰጡ። በመጨረሻ ማሳዋን ለትልቁ እርሻ አከራይታ፣ በገዛ መሬቷ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነች።

ክረምት ሲገባ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። መኪኖቹ ቀሩ፤ የአትክልት መደቦቹ ባዶ ሆኑ። በዚያው ሰሞን የጸሐፊው ሚስት በወሊድ ብዙ ደም ፈስሷት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ «ቅጠላ ቅጠል አብላት» ይሉታል፤ ወጥ ቤቱ ያለው ግን ዳቦና ሩዝ ብቻ ነው። ከተማውን አዳርሶ ሲያጣ፣ ጭቃውን እየረገጠ እህቱ ዘንድ መጣ።

«እትዬ፣ አንድ እስር ጎመን እንኳ ፈልጊልኝ።»

በቀድሞው የጎመን ማሳዋ ላይ የትልቁ እርሻ በቆሎ ከራሷ በላይ ቆሟል። «ግባና ራስህ ፈልግ» አለችው። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአራስ የሚሆን አንድ ቅጠል ካገኘህ ውሰድ።»

ልታሾፍበት አልነበረም፤ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ሚስቱ ተረፈች፤ በእግሯ ለመቆም ግን ብዙ ጊዜ ፈጀባት። እሱም በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቶ፣ «ተሳስቻለሁ። በአትክልተኞቹ ላይ ስንፈርድ በራሳችን ላይ ነው የፈረድነው» ሲል ተከራከረ። ጉርምርምታው ብዙ ነበር፤ ደንቡ ግን ተሻሻለ። ዜናውን ይዞ ወደ እህቱ ሮጠ።

«ደግ አደረግህ» አለችው። «ለሌሎቹ ይድረስላቸው። የእኔ ማሳ የኪራይ ዘመኑ ገና ብዙ ነው፤ እስኪያልቅ እኔም አረጃለሁ።»

ድጎማ ለማን ይሰጥ ተብለን ስንጠየቅ፣ የመሬቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን ከዚያ መሬት ማን እንደሚበላ እንጠይቅ። ደንብ በአንድ ስብሰባ ይታረማል፤ ከሥራው የተነቀለ አትክልተኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።