ከሰማንያኛው ፊደል በኋላ

የድልድይ ስሌት የሚሠራው ፕሮግራም ዕድሜው ከፕሮግራመሯ ይበልጣል። ጥቁር ስክሪን፣ የቁጥር መዓት፤ አንዲት ቁጥር ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። እሷን የቀጠሯት ስክሪኑ ላይ መስኮትና የሚጫኑ ቁልፎች እንድታበጅለት፣ ለሁለት ወር ብቻ ነው። ጠባዩን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነበር፤ ፕሮግራሙን የጻፉት መሐንዲስ ልጅ፣ ራሱም መሐንዲስ። ቢሮው «ጭምቱ» ይለዋል።

«ከየመስመሩ ሰማንያ ፊደል ብቻ ነው የሚያነበው» አላት በመጀመሪያው ሳምንት።

«ከዚያ በኋላ ቢጻፍስ?»

«ግድ የለውም። አያየውም።»

ይህን ሲል ዓይኑን ሰበር አደረገ። እሷ ደግሞ ያልገባትን ነገር ሳታውቅ የምትተው ዓይነት አይደለችም። ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የድሮ ፋይሎችን እየከፈተች እስከ መስመሮቹ ጫፍ አየቻቸው። ከቁጥሮቹ ማዶ፣ ማሽኑ በማያይበት ጥግ፣ አባትየው ጽፈዋል፦ «ዛሬም አልነገርኳትም። ነገ።» በሚቀጥለው ድልድይም እንዲሁ። በሚቀጥለውም። በአሥረኛው፦ «ነገርኳት። ሳቀች፤ እሺ አለች።»

ከዚያ የልጁን ከፈተች። ባለፈው ሳምንት የተሰላው የእግረኛ ድልድይ ላይ፦ «የመስኮቷ ልጅ ዛሬ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ነገ አናግራታለሁ።»

ቢሮው ውስጥ መስኮት የምትሠራ እሷ ብቻ ናት። ወዳዋለች እንዴ? አዎ፣ ወዳዋለች፤ የምታውቀውን ነገር ሁሉ እንደገና ስትጠይቀው የከረመችው ለምን ሆነና!

ነገሩ ግን መላ ይፈልግ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ፋይሉን ሲያስቀምጥ ከሰማንያ በላይ ያለውን ወይ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ወይ ለሁሉም ያሳየዋል። ሥራዋ ደግሞ አርብ ያልቃል፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። ተነስታ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሰማንያ በላይ ያለውን ልጣለው ወይስ ላሳየው?»

እጁ ማውሱ ላይ ደረቀ። «አነበብሽው?»

«እኔ እኮ ማሽን አይደለሁም።»

«ጣይው» ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቀና ብሎ ሲያያት ግን አልቻለም።

«አሳዪው» አለ። «ግን... ነገ እናውራ?»

«አባትህ ነገ፣ ነገ ሲሉ ዘጠኝ ድልድይ ፈጅቶባቸዋል። እኔ ያለሁት እስከ አርብ ነው።»

ጭምቱ ሳቀ። ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው። ወንበር ሳበላትና እዚያው፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ ነገራት።

አርብ አዲሱ መስኮት ሲከፈት ከቁጥሮቹ ሥር «ማስታወሻ» የሚል ሳጥን ነበረው። መጀመሪያ የጻፈበት እሱ ነው፦ «ነገርኳት።»

እሷ ከጎኑ ጨመረችበት፦ «ሳቀች፤ እሺ አለች።»