ያልተነካው ሁለተኛ ድምፅ

ጥቅምት 2001 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማምሻውን፣ የመዘምራን አሰልጣኙ ገበየው ሶዶ ባለው ቢሮው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የኖታ ማቆሚያ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። ኢንስፔክተር ዓመለወርቅ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። ስንት ሬሳ አይታ ልቧ ደንዝዟል። ያሳሰባት በግድያው ተጠርጥሮ የታሰረው ዘበኛው ኤርሳዶ ነበር፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ገበየው ከታተመ የመዝሙር መጽሐፍ አሥራ ሁለት መዝሙሮችን ወደ ኮምፒውተር ያስገባ ነበር። ማሽኑ እንደሚለው የመጨረሻው፣ የአሥራ ሁለተኛው መዝሙር ፋይል የተቀመጠው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ግቢው ውስጥ ከሟችና ከኤርሳዶ በቀር ሰው አልነበረም።

«ከበር አልተነሳሁም። ማን ያምነኛል?» አለ ኤርሳዶ።

የኮምፒውተር ጸሐፊው ሰብስቤ ግን ተረጋግቶ መለሰ። «በዘጠኝ ሰዓት ስወጣ ደህና ነበር። የታተመውን ኖታ ራሱ ስካነር ውስጥ እየከተተ ነበር። እኔ ዱቦ ሄጄ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ።»

«የአንተ ሥራ ምን ነበር?»

«ስካን አደርጋለሁ። ፕሮግራሙ የወረቀቱን ጉድፍ ሳይቀር ኖታ ነው ብሎ ያነበዋል፤ እሱን እለቅማለሁ። ከወረቀቱ ጋር አንድ ሲሆን ለገበየው እሰጣለሁ። እሱ ስሙን ይጽፍበታል።»

ዓመለወርቅ አሥራ ሁለቱንም መዝሙሮች አትማ ከመጽሐፉ ጋር አስተያየች። ኖታ አታነብም፤ ነጥብ ከነጥብ ማስተያየት ግን አያቅታትም።

እሑድ ኤርሳዶን፣ ሰብስቤን፣ ዘማሪዋን ሳምራንና የሟችን ሚስት ጣፈጠችን ሰበሰበች። ጣፈጠች አላለቀሰችም፤ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ሳምራ፣ የምትዘምሩት መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው?»

«ኧረ አይደለም! ከዋናው ዜማ ጋር አብሮ የሚዘመረው ሁለተኛው ድምፅ ለወላይታ ጆሮ አይመችም። ጋሼ ገበየው እኛን እየሰማ ይቀይረው ነበር። ስካን ያስደረገውም ለዚሁ ነው።»

«አሥራ አንዱ ተቀይሯል» አለች ዓመለወርቅ። «አሥራ ሁለተኛው ግን ከጉድፍ ጸድቶ ልክ እንደ ወረቀቱ ነው። ገበየው ጨርሶት ቢሆን ሁለተኛውን ድምፅ ይነካው ነበር። ይህን የሠራው፣ ከወረቀቱ ጋር አንድ ከሆነ ሥራው አለቀ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሰብስቤ በዘጠኝ ሰዓት ገደለው፤ የማሽኑን ሰዓት ወደ አሥራ አንድ ገፋና ቀድሞ ያጸዳውን ፋይል አስቀመጠ። ሰዓቱን መልሶ ለቅሶ ሄደ።»

ሰብስቤ የታተሙትን ወረቀቶች እያየ ተናገረ። «ዓመት ሙሉ ዓይኔ ጠፋ። እሱ ምን ሠራ? በእኔ ልፋት ላይ ስሙን ለጠፈ ብዬ…» ወደ ሳምራ ዞረ። «መቀየሩን አልነገረኝም።»

ጣፈጠች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ጠይቀኸው ነበር?»

ዓመለወርቅ ካቴናውን ከኤርሳዶ እጅ ፈትታ ሰብስቤን ስታስር፣ ጣፈጠች አሁንም መልሱን እየጠበቀች ነበር።