ጎን ለጎን ሁለት ወንበር

ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር መስኮታቸው ሥር፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ነው። ሻያቸው ውስጥ መርዝ ነበር። በሕይወት ሳሉ በራቸውን አንኳኩቶ የማያውቅ ሰፈር፣ ዛሬ በሩን ሊገነጥለው ደርሷል።

መርማሪዋ ማንንም ሳታስገባ ክፍሉን ቃኘች። ሰሌዳው ላይ «ሃንግ አውት» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ብቻውን ተጽፏል። ከሬሳው ጎን ሌላ ባዶ ወንበር አለ፤ እሱም ወደ መስኮቱ ዞሯል። ሬሳው ሲነሳ ወንበሮቹን ጠረጴዛው ጋ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸውና ተማሪያቸውን፣ ጎረቤታቸውንና የእህታቸውን ልጅ አስጠራች።

ካቴና የገባላት ተማሪያቸው ናት። ትናንት እዚያ ቤት ስትገባ የታየችው እሷ ብቻ ናት።

«እንዴት ነበር የሚያስተምሩሽ?»

«ጋሼ ትርጉም አይናገሩም፤ ሠርተው ነው የሚያሳዩት። ‹ጊቭ አፕ›ን ሲያስተምሩኝ እስክሪብቶ ወርውረው፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። ይሄን ሰሌዳው ላይ ያለውን ግን ብጠይቃቸው፣ ‹በቀጠሮ ለሚመጣ ሰው አይሆንም› ብለው ሳቁ።»

ጎረቤትየዋ ሰሌዳውን አዩ። «‹አውት› ውጭ አይደል? ልብስ ውጭ ማስጣት ይሆናላ!»

ቤቱን ለመሸጥ ደላላ እስከ ደጁ ሲያመላልስ የከረመው የእህታቸው ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ እንግሊዝኛ ሲባል ያመኛል። እዚህ ቤት ከገባሁም ዓመት አልፎኛል።»

«እንግዲያው እትዬ እንዳሉት፣ ልብስ ማስጣት ነው» አለች መርማሪዋ።

«ኧረ የምን ልብስ!» ልጁ ሳቀና አንዱን ወንበር ጎትቶ ከሌላው ጎን አደረገው። «እንዲህ ጎን ለጎን ሆኖ፣ ያለ ጉዳይ አብሮ መዋል ነው እንጂ!»



«ቃሎቹን በመፍታት ትርጉሙ አይገኝም፤ እትዬ ሞክረውታል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ተማሪዋ ይህን ትምህርት አልደረሰችበትም። ወንበሮቹን ደግሞ እናንተ ሳትገቡ አንስቻቸዋለሁ። ጎን ለጎን እንደነበሩ የሚያውቅ፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ነው።»

ልጁ የጎተተውን ወንበር ለቀቀ። «ሻዩን እኔ ነኝ ያፈላሁት። ‹ያለ ጉዳይ መጣህልኝ› እያሉ… ደስ ብሏቸው ጠጡት።»

ይዘውት ሲወጡ ሰፈሩ ተከትሎ ወጣ። ካቴናዋ የተፈታላት ተማሪ ግን ወንበሮቹን ወደ መስኮቱ መልሳ በአንዱ ተቀመጠች።

«የቀረ ጉዳይ አለዎት?»

«የለኝም» አለች መርማሪዋ፤ ሁለተኛው ወንበር ላይም ተቀመጠች።